ጠበል የነካው ብረት

ዝናብ የነካው ብረት የራሱ ሽታ አለው። ደምም ይመስላል፣ አፈርም ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና የሰው የብረት በር ተደግፌ ቆየሁ። ሲያባራ መዳፌን ባየው ቡናማ ሆኗል። ሳላስበው አሸተትኩትና ወዲያው እጄን ከፊቴ አራቅሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ጨለማ አልፈራም፤ የሒሳብ ፈተና አልፈራም፤ መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ ደግሞ ባዶ ወረቀትም አልፈራም። ዝገት ግን እፈራለሁ። ሰው እንዴት ዝገት ይፈራል አትበሉኝ፤ ልንገራችሁ።

ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነበር። አባቴ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ጋራዥ አለው። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ፤ አራት ምሰሶ፣ የቆርቆሮ ክዳንና ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ መሬት ነው። እዚያ መሬት ላይ አያቴ ለአባቴ ትተውለት የሞቱት አሮጌ ጂፕ ትቆም ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠው አባቴ “እትዬ” ነበር የሚላት። ጠዋት ቁልፍ አዙሮ እምቢ ስትለው፣ “እትዬ ዛሬ አልተነሱም፤ ብርድ መትቷቸዋል” ይለኛል። እኔ እስቃለሁ። ትሞታለች ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ትገድላለች ብዬማ ጭራሽ።

ሐምሌ ማለቂያ ላይ አባቴ ሐሙሲት የሚጠግነው የወፍጮ ሞተር ነበረውና እኔንም ይዞኝ ወጣ። ዓለም ሳጋ ደን ያለውን ቁልቁለት ስንያያዘው ከሞተሩ ክዳን ስር አንድ ድምፅ ተነሣ፤ ውስጥ ሰው ገብቶ በመዶሻ የሚደበድብ ይመስል ነበር። አባቴ፣ “ምነው እትዬ…” ብሎ ሳይጨርስ ሞተሩ ክርችም አለ። ጎማዎቹ ጮኹ። አባቴ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ጎማዎቹ ተለቀቁ፤ እኛም አብረን ተለቀቅን። ፍሬኑ ድሮም የሚይዘው በልመና ነበር።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ዝምታውን ነው። ሞተሩ የሞተ መኪና ቁልቁል ሲሮጥ ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። በመስኮቱ የእርጥብ ጽድ ሽታ ይገባል። ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፤ ከጉሙ ወዲያ ገደል እንዳለ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። አባቴ ሰምቼው በማላውቀው ቀዝቃዛ ድምፅ፣ “እጅሽን ወደ ውስጥ አግቢ” አለኝ። እትዬን ወደ ተራራው ጥግ አስጠጋት። የቀኝ ጎኗ እየተፋቀ፣ አፈርና ድንጋይ በላያችን እየተናደ፣ ቀስ በቀስ ቆመች። አባቴ መሪውን መልቀቅ አቃተው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅሁለት እኔ ነኝ።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጎትታ መጣች፤ ሞተሩም ወረደ። አባቴ ከሆዱ ውስጥ ክራንኩን አወጣው። ክራንክ ማለት ፒስተኖቹ ወደ ላይ ወደ ታች ሲዘሉ ዝላያቸውን ወደ ዙር የሚለውጠው ጠማማ ብረት ነው፤ እሱ ካልዞረ ጎማም አይዞርም። የዘይቱ መንገድ ተደፍኖ ክራንኩ ደርቆ ኖሯል፤ ልስልስ መሆን የነበረበት ገላው ድመት የቧጨረው መስሏል። አባቴ በጆንያ ጠቀለለውና ወደ ቶርኖው ሽማግሌ ይዘን ሄድን።

ቶርኖ ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን ነው። የሽማግሌው ቶርኖ ከቤታቸው ጓሮ በአንዲት ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ብረት መሳያ ድንጋይ ገጥመውለት መቁረጥም መሳልም ያሠሩት ነበር። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ አሉ። አንድ ቀን ሊለምኑ ወፍጮ ቤት ገብተው የሞተር ድምፅ ሰሙ፤ በዚያው ቀሩ። ዜማው ግን አልለቀቃቸውም። ድንጋዩን በሚዞረው ብረት ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲነዱት አንድ ስንኝ ያዜማሉ። ስንኙ ሲያልቅ ድንጋዩ ዳር ይደርሳል። ቢፈጥኑ ብረቱ ይቃጠላል፤ ቢዘገዩ ይጎደጉዳል። የሰዓትን ሥራ የሚሠራላቸው ዜማው ነበር።

“ጋሼ፣ ሰዓት ልግዛልዎ?” አለ አባቴ እየሳቀ።

“ሰዓት ይዘገያል። እኔ ዘግይቼ አላውቅም።”

“ለሠርጌ የዘገዩት ማን ነበሩ?”

“ሙሽራው ነው የቸኮለው” አሉ፣ ዓይናቸውን ከብረቱ ሳያነሡ።

ክራንኩን ለኩና መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ተቆርጧል አሉ። በተቆረጠ ቁጥር ይቀጥናል፤ በቀጠነው ልክ ብሮንዝ የሚሉት፣ ክራንኩ የሚዞርበት ማቀፊያ፣ ወፍራሙ ይገባለታል። “ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በላይ የሚወፍር ብሮንዝ አልተሠራም። ከዚህ በኋላ ጭረት ካገኘው መቃብሩ ነው፤ እትዬም ያበቃላቸዋል።” አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማሁት፤ ቀጥኗል ነው የሰማሁት። አባቴ በዚያ ቁልቁለት ላይ የሚተማመነው በቀጠነ ብረት ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ብልጭታው ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ እግራችን ስር ይወድቃል፤ የጋለ ዘይት ይሸታል፤ ዜማው ከፍ ዝቅ ይላል። መለኪያውን አስያዙኝና አንድ ጸጉሬን ነቅለው ለኩልኝ። “የጸጉርሽን ሩብ ከተሳሳትኩ ሞተሩ ይጮኻል” አሉኝ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ጋፋት በኩል አመለከቱ። “እነዚያ መድፍ የሠሩት ሰዎች ይህን መለኪያ ቢያገኙ ኖሮ ያን ያህል አያገዝፉትም ነበር። ሰው ልኩን ካላወቀ ያገዝፋል።”

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። ክራንኩ መስታወት ሆነ፤ ፊቴን አየሁበት፣ አፍንጫዬ ረዝሞ። ሽማግሌው ወፍራም ዘይት በጣታቸው እየዛቁ ከላይ እስከ ታች ቀቡት፣ በጨርቅ ጠቀለሉት፣ እንዳይጎብጥ ብለው ጥግ ላይ አቆሙት። “በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው” አሉኝ። “ላብ አይወድም። ውሃማ ጠላቱ ነው።” ዘይቱን ሲቀቡ አጠገባቸው ነበርኩ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ይህን ያዙልኝ።

ያን ጊዜ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እናቴ በየቀኑ ቅዳሴ ትልከኛለች፤ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል እንጠጣለን። በኛ አገር ጠበል የማይረጭበት ነገር ንገሩኝ እስቲ። አዲስ ቤት ይረጫል፤ የታመመች ላም ትረጫለች፤ ከባሕር ዳር የገባ አዲስ ሚኒባስ ሳይቀር መስተዋቱ እስኪደበዝዝ ይረጫል። ማታ ማታ ስተኛ ያ ዝምታ ይመጣብኛል፤ የአባቴን ጣቶች መሪው ላይ አያቸዋለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ከቅዳሴ ስመለስ የተረፈኝን ጠበል በጠርሙስ ይዤ ወደ ቶርኖው ክፍል ታጠፍኩ። ሽማግሌው ቅዳሜም ሰንበት ነው ብለው ማሽን አያስነሡም፤ ቁልፉ የት እንደሚደበቅ ደግሞ አውቃለሁ።

ውሃ ጠላቱ ነው ያሉኝን ረስቼው አይደለም። ግን ጠበል ውሃ ነው ብሎ ማን ያስባል?

ጨርቁን ገለጥኩና ረጨሁ። ጠበሉ ዘይቱ ላይ እየተንከባለለ ወደ መሬት ወረደ። በረከቱ ብረቱን ሳይነካ አፈር ጠጣው። አሁን ሳስበው ያ እግዚአብሔር ሊያስቆመኝ የሞከረበት ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ዘይቱን በጨርቅ ጠረግሁት። ብረቱ ራቁቱን እስኪቀር፣ እያንዳንዱን ገላውን እየዞርኩ፣ በደንብ ጠረግሁት። ከዚያ እንደገና ረጨሁ። በስመ አብ ብዬ ባማተብኩበት እጄ ዳሰስኩት። በዚያው እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቆለፍኩና ሄድኩ። ያን ዕለት ማታ ከዚያ ቁልቁለት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ከአባቴ ጋር ልንወስደው ሄድን። ሽማግሌው ጨርቁን ሲፈቱ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ አየነው። ያ መስታወት ኩፍኝ ወጥቶበታል፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ቀይ ነጠብጣብ። አንዱ ቦታ ላይ የአራት ጣት አሻራ በግልጽ ይታይ ነበር። ትንንሽ ጣቶች። እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ። የሽማግሌው መነጽር ግን ያን ያህል አያሳይም፤ አባቴም የሚያየው ብረቱን ሳይሆን የሽማግሌውን ፊት ነበር።

“ዘይት ቀብቼው ነበር” አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ “አልቀባሁትም እንዴ?”

አባቴ፣ “ደክሞዎ ነበር፣ ጋሼ” አለ በቀስታ። ደግነት ነው ብሎ ያለው። እኔ ግን ቃሉ ሽማግሌው ውስጥ ሲገባ አየሁት፤ ልክ ሚስማር እንጨት ውስጥ እንደሚገባ።

አብራቸው የምትኖረው አስተማሪ ልጃቸው ድምፅ ሰምታ ከቤት መጣች። እሷም ክፉ አልነበረችም። “አባዬ፣ ባለፈው ምድጃ ለኩሰው ረሱ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ገበያ ሄደው ዣንጥላዎን ጥለው መጡ። ይህ ማሽን ጣት ይቆርጣል። ይብቃዎ ብያለሁ።”

“ዣንጥላ የማይረሳ ማን አለ?” አሉ። ድምፃቸው ግን ቀጥኗል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ እኔ የማውቀው ፍርሃት ነበር፤ አባቴ መሪውን ይዞ የቀረበት ዓይነት። “አንቺ አጠገቤ ነበርሽ አይደል? ዘይት ስቀባው አይተሻል?”

ሁሉም ወደ እኔ አየ። አዎ ብል፣ ታዲያ ማን ጠረገው ሊባል ነው። ከደጅ የቡሄ ጅራፍ ሲጮኽ ዘለልኩ።

“አላየሁም” አልኩ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጃቸው እጇን ዘረጋች፤ ቁልፉን ሰጧት። በቃ፣ ይኸው ነው የሆነው።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ክራንኩ ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። አባቴ ባሕር ዳር ደወለ፣ አዲስ አበባ ደወለ፤ የዚያን ዘመን ክራንክ ያለው ሰው ጠፋ። “ዝገቱ ገና ላይ ላዩን ነው” ይል ነበር ለራሱ። “ጋሼ በእጃቸው ቢያለሰልሱት ይድናል። እኔ ብነካው አበላሸዋለሁ።” ሦስት ጊዜ ሄዶ ለመናቸው። ሦስቱንም ጊዜ፣ “እጄን አላምነውም፤ የመጨረሻውን ብረትህን አልገድልብህም” ብለው መለሱት። ሦስተኛው ቀን ሲመለስ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ፦ “ዜማው መሐል ላይ ቆሙ። ከየት እንደሚቀጥል ጠፋቸው። ደነገጡ።”

ምግብ አስጠላኝ። ቅዳሴ መሄድ ፈራሁ፤ ሄድኩ እያልኩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ኋላ እቀመጣለሁ። ቡሄ እየቀረበ ስለነበር ጅራፉ ከየጉብታው ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር ስሜን የጠራ ይመስለኛል። አንድ ብረት ማበላሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። እኔ ያበላሸሁት ግን የሰው ልብ ነው። በቤታቸው ቁጭ ብለው ያላጠፉትን ነገር ራሳቸው ውስጥ ይፈልጋሉ።

በቡሄ ዕለት ከተማው ሁሉ ወደ በዓሉ ሲተም እኔ ወደ እሳቸው ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሙልሙል ዳቦ አለ፤ አልቆረሱትም።

“ነይ ጎበዟ። አባትሽ ላከሽ?”

“አልላከኝም። አባባ…” አልኩና በረንዳው ጠርዝ ላይ ቆምኩ። “ዘይቱን ቀብተዋል። አይቻለሁ። የጠረግሁት እኔ ነኝ።”

ሁሉንም አወጣሁት፤ ጠበሉን፣ ቁልፉን፣ “አላየሁም” ማለቴን። መሬት መሬት እያየሁ ነበር የምናገረው። ስጨርስ ሙልሙሉን ከጭናቸው አንሥተው አስቀመጡት። ይመቱኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ቢመቱኝ በወደድኩ።

“ሰባት ቀን” አሉ በመጨረሻ። “ሰባት ቀን ሙሉ ራሴን ሳጣው ነበር።” ድምፃቸው ተሰበረ። ከዚያ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ “የየትኛው ደብር ጠበል ነው?”

ነገርኳቸው።

“እሱስ ብርቱ ነው። ብረት እንኳ ያስለቅሳል።” መሣቅ አለብኝ ወይስ የለብኝም? ሳላውቅ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ተነሡ፤ ወደ ውስጥ ገብተው ልጃቸውን፣ “ቁልፌን” አሏት። አንድ ቃል ብቻ። ሰጠቻቸው።

ቅጣቴ ሦስት ቀን ነበር። ክራንኩን ወገቡን ያዝ አድርገው አሰሩት። በዘይት የተነከረ ረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ገላው ላይ ጠመጠሙ፤ በላዩ ጠፍር ዞረበት። አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙ፣ አንዱን እኔ። እሳቸው ሲስቡ እኔ እለቃለሁ፤ እኔ ስስብ እሳቸው ይለቃሉ። ዜማው ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ እየተደናቀፈ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን ስንኙ ካለቀበት ቦታ ሳይሳሳት ይነሣ ጀመር። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። በለኩ ቁጥር እስትንፋሴን እይዛለሁ፤ የጸጉሬ ሩብ፣ የሩቡ ሩብ። በሦስተኛው ቀን መለኪያውን አስቀመጡና፣ “ልኩ ጫፍ ላይ ነው። ግን ልኩ ውስጥ ነው” አሉ።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ አልጮኸም። ሄዶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። ማታ እኔን፣ “ለእኔ ፈርተሽ ነው?” አለኝ። አዎ አልኩት። ፊቱን አዞረና ብዙ ጊዜ መፍቻዎቹን ሲያስተካክል ቆየ፤ የተስተካከሉትን።

ሞተሩ የተነሣ ቀን ጆሮዬን ደፍኜ ነበር። አባቴ ቁልፉን ሲያዞር እትዬ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ያዘች። ሽማግሌው ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ለእኔም ሰጡኝ። ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ ለስላሳ ነበር፤ የሚተነፍስ ነገር ይመስላል። አባቴ እስከ ዛሬ ይነዳታል። ዓለም ሳጋ ቁልቁለት ላይ እስከ ዛሬ እጄን ከመስኮት አላወጣም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሽማግሌው በእውነት መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ ቶርኖውን ራሱን። አስተማሪዋ ልጃቸው፣ “የዕድሜ ነው፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም” ትለኛለች፣ እኔ ሳልጠይቃት። እኔ ግን እነዚያን ሰባት ቀናት አስባለሁ። የመርሳቱን በር የከፈትኩት እኔ ብሆንስ?

ስለዚህ በየጊዜው እሄዳለሁ፤ በየጊዜውም እነግራቸዋለሁ። ማን እንደሆንኩ ስለማያውቁ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሰሙኛል፤ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይቅር ይሉኛል። እኔም ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያው ቀን እፈራለሁ፤ ዛሬ እምቢ ቢሉኝስ እያልኩ።

ባለፈው ሳምንት ያ ዝናብ ካባራ በኋላ መዳፌን ሳልታጠብ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ጠበሉ ጋ ስደርስ ፈገግ አሉ፤ “አላየሁም” ያልኩበት ቦታ ላይ ግን ፊታቸው ጨለመ።

“ያ ሽማግሌ አሁን በሕይወት አለ?” አሉኝ።

“አሉ” አልኩ።

“እንግዲያው እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ ልጄ? ሂጂና ንገሪው። ሰው ራሱን ሲጠራጠር ማደር የለበትም። አይቆጣሽም፤ ንገሪው ብቻ።”

“እሺ አባባ” አልኩ።

የትም አልሄድኩም። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ ጠጋ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ፤ ብርድ ነበር።